ናኖ የተባለው የእርድ ጄልና የአባትዎ ጉልበት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ ኖረው አሁን ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል። ሐኪሙ ራጅ አይቶ የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን ተበልቷል ብሏል። የሚዋጠው ማስታገሻ ጨጓራቸውን ስላቃጠላቸው አቋርጠውታል። ሰሞኑን በቴሌግራም ‹ናኖ ኩርኩሚን ጄል፤ ከእርድ የተሠራ፤ መቶ በመቶ የተፈጥሮ፤ እስከ አጥንት የሚደርስ› የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዋጋው ከተለመደው የዳይክሎፌናክ ማስታገሻ ጄል ብዙ እጥፍ ነው። ይህ ናኖ የሚሉት ነገር እውነት ነው? ካልሆነስ ቅዳሜ ገበያ እርድ ገዝቼ በቫዝሊን ለውሼ ብቀባቸው አይሻልም? ጎረቤታችን ጄሉን ተቀብታ ተሽሏታል።»

ምላሽ፦

ጄሉን አይግዙ። እርዱም ለወጥ ይሁን። አሁን ባለው ማስረጃ ለአባትዎ ጉልበት የሚበጀው ያው ተራው የዳይክሎፌናክ ጄል ነው፤ እሱም በትክክለኛው መጠን ከተቀባ። መጠኑን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ጥያቄዎ ግን ከመግዛትና ከመተው ያለፈ ነው። «ናኖ የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብለዋል። እውነት ነው። ሙያዬ የመድኃኒት ቅመማ ስለሆነ ዘዴውን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ ከልቤም አከብረዋለሁ። የሚያናድደኝ ሻጮቹ የሚያደርጉት ነገር ነው። ሳይንሱ ስለ ቆዳ የተናገረውን ወስደው ስለ አጥንት እንደተናገረ አድርገው ይሸጡታል። በቆዳና በአጥንት መካከል ያለውን መንገድ ካሳየሁዎ ሌላውን ራስዎ ይፈርዳሉ።

ከቆዳ እንጀምር። የመጨረሻው የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢወፍር ነው፤ ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ ያንሳል። እንዲህ ስስ ሆኖ ግን በቀላሉ አያሳልፍም። የጎንደርን ግንብ ያየ ሰው አሠራሩ ይገባዋል፤ ድንጋዮቹ ጠንክረው የሞቱ ሕዋሳት ናቸው፣ በመካከላቸው የተሞላው ኖራ ደግሞ ስብ ነው። መድኃኒት በአብዛኛው የሚያልፈው በዚያ ስብ ውስጥ እየተጠማዘዘ ነው። ስለዚህ ሞለኪውሉ ትንሽ መሆን አለበት፤ ስብ ውስጥ መሟሟትም መቻል አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ለትንሽነቱ ወሰን አቀረቡ፤ ክብደቱ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚበልጥ ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን መሻገር በጣም ይከብደዋል። ይህ መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከስቡ በታች ያለው ሕያው የቆዳ ክፍል በበኩሉ ውሃማ ነው። ስብ ብቻ የሚወድ ነገር ስቡ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሃ ብቻ የሚወድ ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም።

የእርድ ቢጫው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን 368 ዳልተን ነው። የክብደቱን ፈተና አለፈ ማለት ነው። የሚወድቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ቆዳን የሚሻገረው ደግሞ የተሟሟ ሞለኪውል ብቻ ነው፤ ዱቄት ላይ ላዩን ተቀምጦ ይቀራል። ጄሉ «ኩርኩሚን አለው» ሲባል እኔ የምጠይቀው ስንቱ ተሟሙቶ አለ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ድክመቱ አለመርጋቱ ነው፤ ይህንን ወጥ የሚሠራ ሁሉ አይቶታል። ነጭ ነጠላ ላይ እርድ ቢፈስና በሳሙና ቢያጥቡት ነጠብጣቡ ይቀላል። ያንኑ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይደበዝዛል። ሁለቱም ኬሚስትሪ ነው። ሳሙና አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ የሞለኪውሉን ቀለም ይለውጣል፤ እዚያው ከቆየም ያፈርሰዋል። ብርሃንም እንዲሁ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ አንድ የታወቀ ሙከራ፣ በሰውነት ሙቀትና ከደማችን ጋር በሚቀራረብ የአሲድነት መጠን የተቀመጠ ኩርኩሚን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 90 በመቶው ፈርሶ ተገኝቷል። መድኃኒት ቀማሚን እንቅልፍ የሚነሣ ንጥረ ነገር ነው።

ናኖ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ የገባውም በአግባቡ ነው። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚህ ሙያ የምንሠራው በአብዛኛው ከ50 እስከ 300 ናኖሜትር በሚሆኑ ቅንጣቶች ነው። ኩርኩሚኑን ውሃ ውስጥ ለማሟሟት ከመታገል ይልቅ በስብ ቅንጣት ውስጥ እናሟሟውና ቅንጣቱን ውሃማ ጄል ውስጥ እንበትነዋለን። ከዘዴዎቹ አንጋፋው ሊፖሶም ነው፤ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ ያሳየው፣ የሕዋስ ስስ ሽፋን ከተሠራበት የስብ ዓይነት የሚሠራ ባዶ ከረጢት። ከረጢቱ ላይ ከፍ ያለ መጠን ያለው አልኮል ሲጨመር ይለሰልሳል፤ የቆዳውንም ስብ ያላላል። ይህን ኢትኦሶም ይሉታል። ጠንካራ ስብ አቅልጦና በትኖ እንደገና በማርጋት የሚሠራም አለ፤ ዘይትን በጣም ደቃቅ ነጠብጣብ አድርጎ የሚበትን ናኖኢመልሽንም አለ። ሁሉም በመጨረሻ ካርቦመር በመሰለ አርጊ ውስጥ ገብተው ጄል ይሆናሉ። ካርቦመር ከጄሉ 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ይበቃዋል። አሲድ ስለሆነ ግን እንዲረጋ አልካሊ ጠብ ይደረግበታል። እዚህ ላይ እጁ የከበደ ቀማሚ ኩርኩሚኑን ገና ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ይገድለዋል። ቢጫ መሆን የሚገባው የእርድ ጄል ወደ ቀይ ካዘነበለ እኔ አልገዛውም።

ዘዴው ወሬ ብቻ አይደለም። በሊፖሶም የተሠራ የመጀመሪያው የሚቀባ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊዘርላንድ ውስጥ ገበያ ላይ ውሏል፤ ኢኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ነበር። ልብ ይበሉ፤ ፈንገስ የሚኖረው ቆዳው ላይ ነው። መድኃኒቱ ሩቅ መሄድ አልነበረበትም።

እንግዲህ «እስከ አጥንት የሚደርስ» ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ሰው ናኖ ሲባል ቅንጣቱ ራሱ ቆዳውን በስቶ፣ ሥጋውን አቋርጦ፣ ጉልበት ውስጥ ገብቶ መድኃኒቱን የሚያራግፍ ይመስለዋል። ማስታወቂያውም እንዲመስለው ይፈልጋል። ጤነኛ ቆዳ ላይ የሚሆነው ይህ አይደለም። ቅንጣቱ በአብዛኛው እንዳለ አያልፍም። ላይ ላዩን ይሰባበርና ስቡ ከቆዳው ስብ ጋር ይደባለቃል፤ መንገዱን ያላላል፤ ስስ ሽፋን ሠርቶ እርጥበት እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ኩርኩሚኑንም ተሟሙቶ እንዲቆይ ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገባው ብቻውን የቀረው ሞለኪውል ነው። ጥቂት ቅንጣቶች በፀጉር ሥር ጉድጓድ ውስጥ ይገቡና እንደ ማከማቻ ሆነው ቀስ በቀስ ይለቃሉ። በዚህ መንገድ ሲታሹ ጠለቅ ብለው የሚገቡት የግድ ትንንሾቹ ሳይሆኑ ጥቂት መቶ ናኖሜትር የሚሆኑት መሆናቸው መታወቁ ደግሞ «ባነሰ ቁጥር ይሻላል» ለሚለው የሻጮች ስብከት ጥሩ መልስ ነው።

ሞለኪውሉ ያንን ሽፋን ካለፈ በኋላስ? ከሥሩ የሚያገኘው የደም ሥሮችን ነው። ቆዳ በደቃቅ የደም ሥሮች የተሞላ ስለሆነ የገባውን አብዛኛውን ጠርጎ ወደ መላ ሰውነት ይወስደዋል። ናኖ በዚህ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ቅንጣቱ ሥራውን ከላይ ጨርሷል። ከቆዳው ሥር ስብ አለ፣ ጅማት አለ፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት አለ። ሳይንሱ የፈታው የመጀመሪያዎቹን 20 ማይክሮሜትሮች ነው፤ የአባትዎ ሕመም ያለው ከዚያ ወዲያ፣ በሴንቲሜትር በሚለካ ርቀት ላይ ነው።

ለዚህም ነው ጥያቄዎ ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ቆዳ መቆጣት ቢሆን ኖሮ አነጋገሬ የሚለወጠው። ኤክዜማና ሶሪያሲስ ቆዳው ውስጥ ያሉ ብግነቶች ናቸው። እዚያ የናኖ ጄል መድኃኒቱን ቆዳው ውስጥ ማቆየቱ ራሱ ጥቅም ነው። ከዕፅዋት የሚገኙ ፀረ ብግነት ንጥረ ነገሮች በናኖ ጄል አንድ ቀን ወደ ፋርማሲ መደርደሪያ ይመጣሉ ብዬ ብወራረድ የምወራረደው በዚያ በኩል ነው።

«ታዲያ ዳይክሎፌናኩስ እንዴት ይደርሳል?» ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እሱም ቢሆን ብዙው አይደርስም። በጄል ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መጠን በክኒን ከሚገባው 6 በመቶ ገደማ ነው። ጨጓራቸውን ከክኒኑ ይልቅ በጣም የሚያሳርፋቸውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዳይክሎፌናክ በጥቂት መጠን የሚሠራ ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ከተቀባበት ቦታ ሥር ባሉ ሕብረ ሕዋሳት ውስጥም ይገኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ ተፈትሿል። ኩርኩሚን ይህንን ፈተና አላለፈም።

የኩርኩሚን ጥናት ብዛቱ ያስደንቃል፤ ብዛቱ ግን እንዳያታልልዎ። የናኖ ጄል ጥናቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላሉ። ቅንጣቱ ይሠራል፤ መጠኑ ይለካል፤ ከዚያ ፍራንዝ በሚባል የመስታወት ዕቃ ላይ የእንስሳ ቆዳ ተወጥሮ በላዩ ጄሉ ይቀባና ከሥሩ ስንት እንዳለፈ ይቆጠራል። ቀጥሎ የአይጥ መዳፍ ካራጂናን በሚባል አስቆጪ ነገር እንዲያብጥ ተደርጎ ጄሉ እብጠቱን መቀነሱ ይታያል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሁለቱም ያባብላሉ። የአይጥ ቆዳ ከሰው ቆዳ ይልቅ ያሳልፋል። ለሰው ቆዳ የሚቀርበው የአሳማ ጆሮ ነው፤ እሱን በእኛ አገር ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአይጥ መዳፍ እብጠትም በሰዓታት ውስጥ መጥቶ የሚሄድ እንጂ ለዓመታት ቀስ በቀስ የተበላ ጉልበት አይደለም።

ኩርኩሚን የራሱ የሆነ ሌላ ችግርም አለበት። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ከሚነካው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ብርሃን ሲበራበትም ራሱ መልሶ ስለሚያበራ፣ በእውነት ያልሠራውን የሠራ ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የመድኃኒት ኬሚስትሪ ግምገማ ይህንን በዝርዝር አቅርቦ የመስኩን ሰዎች አስቆጥቶ ነበር። እኔ ከገምጋሚዎቹ ጋር ነኝ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአውስትራሊያዋ ታዝማንያ 70 የጉልበት ታማሚዎች ለ12 ሳምንታት ተከፍለው ግማሾቹ የእርድ ተዋጽኦ፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወስደው ነበር። እርዱን የወሰዱት ሕመማቸው ከሌሎቹ በመጠኑ ቀንሷል። በኤምአርአይ የታየው የጉልበት ውስጥ እብጠትና ፈሳሽ ግን አልተለወጠም። እንክብሉ የተዋጠ እንጂ የተቀባ እንዳልነበረም ያስተውሉ። በሰው ላይ የተደረጉ የሚቀባ እርድ ሙከራዎች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቆሞ ከዳይክሎፌናክ ብዙ እጥፍ ዋጋ መጠየቅ ድፍረት ነው።

ስለ ጎረቤትዎ ደግሞ። ተሽሏታል ማለትዎን አምናለሁ። የዳይክሎፌናክ ጄል ሙከራዎች በአንድ ላይ ሲደመሩ ያሳዩትን ግን ይመልከቱ። ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ከተቀቡት ታማሚዎች መካከል ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው 60 በመቶ ገደማ ናቸው። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ጄል ከተቀቡትስ? 50 በመቶ ገደማ። ከባዶ ጄል ግማሹ ሰው ይሻለዋል! ማሸቱ፣ ቅዝቃዜው፣ ተስፋው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጉልበት ሕመም በራሱ የሚነሣና የሚበርድ መሆኑ ያንን ያደርጋል። ስለዚህ የአንድ ጎረቤት መሻል፣ የአሥር ጎረቤቶችም ቢሆን፣ ቱቦው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግረንም። ዳይክሎፌናክም ቢሆን ከባዶው የሚበልጠው በዚያች አሥር በመቶ ልዩነት ነው። ይህንን የምነግርዎ ተአምር እንዳይጠብቁ ነው። አባትዎ ከአሥሩ አንዱ ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ። ማወቂያው በአግባቡ ቀብቶ ማየት ነው።

አሁን መጠኑ። ባለ 1.16 በመቶው ጄል መመሪያ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ግራም፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይላል። 2 ግራም ስንት ነው? ከቱቦው አፍ የወጣው ጄል ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ሲደርስ ግማሽ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ጉልበት አራት እንዲህ ዓይነት መስመር ቢያንስ ያስፈልጋል። ሰዎች ሲቀቡ የማየው ግን ሽምብራ የምታህል ጠብታ ነው፤ ያውም ማታ ማታ። ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላሉ። ሒሳቡን እናድርገው፤ ሁለት ጉልበት በትንሹ መጠን በቀን ሦስት ጊዜ ሲቀባ 12 ግራም ነው። ባለ 50 ግራሙ ቱቦ ከአራት ቀን በላይ ብዙ አይሄድም። ይህ ገንዘብ ነው፤ አውቃለሁ። ለናኖው ሊከፍሉት የነበረውን እዚህ ላይ ቢያውሉት ግን ብዙ ቱቦ ይገዛል። አቅም ካጠረ የሚብሰውን ጉልበት አስቀድመው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት በሙሉ መጠን ይቀቡት። ለውጥ ካለ ይቀጥላሉ፤ ከሌለ ያቆማሉ። በሳሳና በቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ከቀቡ በኋላ እጅ ይታጠባል፤ በላዩ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ አይደረግም፤ የተቀባውን ጉልበት ፀሐይ አያስመቱት። አባትዎ የኩላሊት ችግር ካለባቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ከወሰዱ አስቀድመው ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ። ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው እንጂ ባዶ አይደለም።

ከዕፅዋት የመጣ ነገር የግድ ይሁን ካሉ ፈተናውን ያለፈ አለ፤ ያውም ከየቤታችን። በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥላቸው ካፕሳይሲን 305 ዳልተን ነው፤ ስብ ይወዳል፤ ያለ ምንም ናኖ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ዒላማውም አጥንት ሳይሆን ሕመም የሚያስተላልፉት የነርቭ ጫፎች ስለሆኑ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። እሱ የሚነካውን የሙቀት ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸልሟል። ቅባቱ 0.025 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ሲሆን በቀን እስከ 4 ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቃጥላል፤ ጥቅሙ የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። የተመጠነው ቅባት ካልተገኘ ይተዉት። ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ ማሸት ሕክምና አይደለም፤ በማያውቁት መጠን ቆዳን ማቃጠል ነው። ዓሣ የሚይዝ እጅ ዓይን እንደሚነካም አይርሱ።

እጣንንም የሚጠይቁኝ አሉ፤ በተለይ ከመተማና ከቋራ በኩል የሚመጡ ሰዎች። በዚያ ቆላ የሚበቅለው የእጣን ዛፍ ሙጫ ውስጥ ቦስዌሊክ አሲዶች አሉ፤ በላቦራቶሪ ብግነትን የሚያስነሳ አንድ ኢንዛይም ይገታሉ። ከእነሱ ብርቱ የሚባለው 512 ዳልተን ነው፤ ከዚያች የ500 ወሰን ትንሽ አለፍ ያለ፣ ውሃ የሚጠላ። ናኖ ከልብ ቢሞከርበት የምወደው ንጥረ ነገር ነው፤ ያውም ጥሬ ዕቃው በራሳችን ክልል ያለ። በጭሱ ግን ጉልበት አይታከምም። ቡና ላይ ይጭስ።

ስለ እርድና ቫዝሊኑ። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ቫዝሊን ውስጥ ሲለወስ ያችው ጥቂት ነገር ዱቄት ሆና፣ ሳትሟሟ፣ በስቡ ተከባ ትቀመጣለች። ወደ ቆዳው የሚያልፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያተርፉት ቢጫ ጉልበትና የተበላሸ አንሶላ ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ቆዳው በእርድ ይቆጣል። ጉዳቱ ከባድ ነው ባልልም ጥቅሙ የለም።

ከእርዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጤና አዳም ነው። ለጉልበት ጨፍልቀው የሚያስሩት ሰዎች አሉ። በጭማቂው ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪኖች ቆዳን ለፀሐይ ጨረር ያጋልጣሉ። ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን እንደ ፈላ ውሃ የሚያቆስል ቃጠሎ ይወጣበታል፤ ጥቁር ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ ጥላ የለም። ጣና ላይ ለሚውል ሰው ጤና አዳም ጉልበቱ ላይ እንዳይታሰር።

በመጨረሻ ወደዚያው ቱቦ ልመለስ፤ ያልጠየቁኝ ነገር አለና። «ሙሉ በሙሉ የተፈጥሮ» የሚል ቅባት ፈጥኖ ሲሠራ ደስ አይበልዎ፤ ይጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ውስጥ ለኤክዜማ የተሸጡ 11 «የዕፅዋት» ቅባቶች ተመርምረው በ8ቱ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ተገኝቷል። ስቴሮይድ መቆጣትን ቶሎ ያበርዳል። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ በቀላሉ እንዲበልዝ ያደርጋል፤ ሲቆም ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። የእርስዎ ቱቦ ይህ አለበት እያልሁ አይደለም፤ ሳላየው አልከስሰውም። ጎረቤትዎ የሚቀቡትን ቱቦ ገልብጠው ግን ያንብቡ። የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ኩርኩሚኑ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት መቀመጥ እንዳለበት ካልተጻፈ «ናኖ» የሚለው ቃል አያድነውም። ናኖ ቀመሮች በተለይ ሙቀት አይወዱም። በሚያዝያ ሙቀት መኪና ውስጥ የሰነበተ ቱቦ ቅንጣቶቹ ተገናኝተው ተራ ቅባት ሊሆን ይችላል፤ በረዶ ቤት የገባም እንዲሁ። መድኃኒት ነኝ የሚል ምርት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ጥርጣሬ ካለዎ በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ይጠይቁ።

ከጄሉ ጎን ለጎን ለአባትዎ ጉልበት ከማንኛውም ቅባት የማያንስ አንድ ነገር አለ፤ የጭን ጡንቻን ማጠንከር። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ያንሡ፤ ትንሽ ይያዙት፤ ቀስ ብለው ያውርዱት። በየእግሩ አሥር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢሰማቸው አያቁሙ፤ በማግስቱ ብሶ ካደረ ቁጥሩን ይቀንሱ። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ይቅርባቸው፤ መረብ ሲያፈታቱም ከፍ ያለ በርጩማ ይሁን።

ጉልበታቸው በድንገት አብጦ ከቀላና ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃታቸው፣ ጄል አይቀቡ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው።